አማቴ በእሸት ወራት ያሳዩኝ አገር

ዝናቡ አባርቶ የባቄላ እሸት ለገበያ በደረሰበት በመስከረም መጨረሻ፣ እኔ የግራር አምባ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ቀጸላ፣ አመሻሹ ላይ ከሥራ ገብቼ በረንዳዬ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ በሐሳብ እባዝን ነበር።

አንደኛው ጭንቀቴ እግሬ ነው። ከግንቦት ወዲህ መርገጫዬ ደንዝዞ፣ ጫማ ማድረጌን አጎንብሼ ሳላይ ማወቅ ተስኖኛል። የከንፈሬ ዳርና ዳር ተሰነጣጥቆ መሳቅ ስላቆምኩም የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ቁጥብ ሰው ነው» እያሉ ያከብሩኝ ጀምረዋል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ይፍሩ መርምሮኝ፣ «ጋሽ ቀጸላ፣ ቫይታሚን ቢ ያነሰዎት ይመስለኛል። ምንድን ነው የሚመገቡት?» ቢለኝ፣ «እንደ ሠለጠነ ሰው ነጭ ፉርኖ ዳቦ በሻይ!» አልኩት በኩራት። «ምስርስ? ጎመንስ? ቂንጬስ?» ሲለኝ፣ «እሱ የባለቤቴ ምግብ ነው» ብዬው ወጣሁ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ እሑድ በሚከበረው የእሸት በዓል ላይ የሚነበበው የምስጋና ንግግር ነበር። ዐሥራ አንድ ገጽ ጽፌ፣ ከገዢው ጀምሬ እስከ ከንቲባው አማች ድረስ ያላመሰገንኩት ሹም የለም፤ ሆኖም ባነበብኩት ቁጥር እኔኑ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይከብድ ነበር። ያልተነፋ ዱቄት ዳቦ፣ ንፍሮና እሸት በዋናው መንገድ እንዳይሸጥ የሚከለክል ደንብ በገዛ እጄ አርቅቄ፣ ከንቲባው በማግስቱ ሊፈርሙበት ነው። በዚያው ቀን ከሻጮቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ቢሮዬ ገብታ «ጌታዬ፣ ይህ ከቀረ ምን ሸጠን እንደር?» ብትለኝ፣ «ሥልጣኔ ነው እመቤት» ብዬ አሰናበትኳት። መልሴ ግን ለራሴም አልተዋጠልኝም ነበር። ይህንን ሳወጣና ሳወርድ፣ ራት እስኪቀርብ ብዬ የከደንኩት ዐይኔ ይዞኝ ጠፋ።

ሌላውን ሰው በራእይ መልአክ ይመራዋል፤ የእኔ ዕጣ ግን አማቴ ሆኑ። ወይዘሮ ደብሪቱ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው፤ በሕይወት ሳሉም እምብዛም አንስማማም ነበር። አንድ ነዶ የባቄላ እሸት በብብታቸው ይዘው መጡና በዘንጋቸው እግሬን ጎሸም አደረጉኝ። እግሬ ደንዝዟልና አልሰማሁም። ሁለተኛውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉት።

«ተነሥ ጌታው! የምታየው ነገር አለ።»

«እመይቴ፣ እርስዎ አርፈው የለም እንዴ?»

«ባርፍስ? ልጄን የዳርኩልህ እኔ አይደለሁም?» ብለው ቀደሙ። በሰባ ዓመታቸው እንደ ወጣት ይፈጥናሉ፤ እኔ በአርባ ሦስት ዓመቴ እየተንገዳገድኩ ተከተልኩ።

መጀመሪያ የደረስንበት ከተማ ግንቡ ነጭ፣ መንገዱ ነጭ፣ የሰዉም ፊት እንደ ኖራ የነጣ ነበር። ዘበኛው ጦሩን ተደግፎ ያንቀላፋል፤ ነጋዴው ሚዛኑን አንሥቶ ማስቀመጥ ደክሞት እንደያዘው ቆሟል፤ አንድ የተከበሩ ዳኛ ደግሞ በእግራቸው ያለውን ጫማ ሰው ሰረቀኝ ብለው ራሳቸው ከሳሽ፣ ራሳቸው ፈራጅ ሆነው ችሎት ተቀምጠዋል። ከቅጥሩ ውጭ ግን ጠጉራቸው የሚያብረቀርቅ፣ ደረታቸው የሰፋ አህዮች ሲቦርቁ አየሁ።

«እመይቴ፣ ሰዉ እንዲህ ተልፈስፍሶ አህያው ምን ቢያገኝ ነው?»

«ፉርሽካውን ነዋ! ሰዉ እህሉን ነፍቶ ነፍቶ ነጩን ለራሱ፣ ገለፈቱን ለአህያ ሰጠ። ያ ድሬሰር የነገረህ ቫይታሚን ቢ የሚባለው ደግሞ አብዛኛው ገለፈቱና ቡቃያው የሚወጣበት ልቡ ላይ ነው ያለው።»

«እርስዎ ይህን ከየት ያውቁታል?»

«ከሞትኩ ወዲህ ጊዜ ተረፈኝ፤ ጠይቄ ተማርኩ» አሉኝ። «ደግሞ አንድ እንዳይመስልህ፤ ስምንት ናቸው፣ እንደ ወንድማማች። የበላኸውን ወደ ጉልበት የሚለውጡ፣ ደምህንና ጅማትህን የሚጠብቁ እነሱ ናቸው። ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከጎመን ታገኛቸዋለህ። አንዱ ግን ኩሩ ነው፤ በእህልና በቅጠል አይገኝም፣ በፍስክ ጊዜ ከጉበት፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ፈልገው። ከወንድማማቾቹም የሚበዙት ሰውነት ውስጥ አይከርሙም፤ የዛሬውን ዛሬ ነው የምትበላው። አንተ ደግሞ ጎመን እንኳ ስትበላ ውሃው ይደፋልኝ ትላለህ! ግማሹ እኮ እዚያ ውስጥ ነው የሚፈስሰው!»

በአደባባዩ ላይ አንድ ሰው የምስጋና ንግግር ያነባል። ሦስተኛ ቀኑ ነው አሉኝ። ሹማምንቱን በየማዕረጋቸው ሲጠራ፣ ዳቦውን የጋገሩት ሴቶች ግን ከበሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ለምን እንደማይገቡ ለማወቅ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጠጋ ብዬ አነበብኩት። የእኔው ደንብ ነበር! የእጅ ጽሕፈቴ፣ ነጠላ ሰረዜ ሳይቀር። ከሴቶቹም መካከል ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባዶ መሶብ ታቅፋ ታየኛለች።

«እመይቴ፣ ይህን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

«አየሁት። ጽሕፈትህስ ያምራል» አሉና እጄን ይዘው ወንዝ አሻገሩኝ።

ማዶው ሌላ ዓለም ነው። የባቄላው፣ የገብሱ፣ የበቆሎው እሸት በየደጁ ተቆልሏል፤ ግን ማንም አይቀምስም። የዚያ አገር ሕግ እሸት ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው ያበላውን ሰው ቤቱ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ምን እንዳደረገለት ቆጥሮ ሳያመሰግን እንዳይቀምስ ያዝዛል። ስለዚህ ከንቲባው ወደ ወፍጮ ቤት፣ ባለወፍጮው ወደ ገበሬው፣ ገበሬው ወደ አራሚዎቹ ሲሮጡ መንገዱ ተጨናንቋል። አንዱ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ በሬውን ያመሰግናል፤ በሬው ግን ፊቱን አዞረበት። አንዲት ጎመን ሻጭም ሰው ከብቧት «ኧረ ተዉኝ፣ ልሥራበት!» እያለች ትጮኻለች። የዚያ አገር ጤና ጣቢያ ድሬሰር በሽተኛ አጥቶ በረንዳ ላይ ገበጣ ይጫወታል።

ረኃብ ተሰምቶኝ አንድ የባቄላ ዘለላ ላነሣ ስል፣ የቆሎ ሻጮች አለቃ የሆነች አንዲት ሴት እጄን ያዘችኝ። «ማንን አመስግነህ መጣህ?»

ዐሥራ አንዱን ገጽ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና፣ «ከእነዚህ ውስጥ ያበላህ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሌሊት ተነሥታ ቂንጬ የምትሠራልኝን፣ ሳልቀምሰው ስነሣ ድስቱን ከድና ጎረቤት የምትልከውን፣ አንድ ቀን እንኳ ስሟን በምስጋና ያልጠራሁላትን አሰብኩ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። አማቴን ላያቸው ዞር ብል፣ አንገታቸውን ደፍተው ባቄላ ይፈለፍላሉ፤ አልተቆጡኝም፤ ያ ከዘንጋቸው ይልቅ አመመኝ።

«ቀጸላ! ራት ቀርቧል!»

ባለቤቴ አልታዬ ትከሻዬን ይዛ ትወዘውዘኛለች። ፀሐይዋ ገና ጨርሳ አልጠለቀችም። ገብቼ ምስሩንና ጎመኑን ከነውሃው በላሁ፤ ሳህኑንም በእንጀራ ጠረግኩት። ከዚያ ጉሮሮዬን አጥርቼ፣ «አልታዬ፣ ስላበላሽኝ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ስለታገሥሽኝ አመሰግንሻለሁ» አልኳት።

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። አንሥታ አስቀመጠችውና፣ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ከተማውን፣ አህዮቹን፣ ደንቡን፣ የመሩኝ እናቷ መሆናቸውንም። መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች።

«እናቴ ምን ትመስላለች?»

«ይፈጥናሉ» አልኳት። «ልደርስባቸው አልቻልኩም።»

የደንቡን ረቂቅ ከኮቴ ኪስ አውጥቼ እዚያው ፊቷ ቀደድኩት። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ከንቲባው ዘንድ ገብቼ ስለ ቀደድኩት ደንብ እገሠጻለሁ፤ ከዚያ አቶ ይፍሩ ዘንድ ሄጄ የሚያዝዘኝን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ እሑድም አደባባይ ላይ ቆሜ፣ ቢስቁብኝም ባይስቁብኝም፣ ያየሁትን እንዳየሁት ለግራር አምባ ሰው እናገራለሁ። ሻጮቹን ሴቶች ከፊት መቀመጫ አስቀምጡልኝ ብዬም ከንቲባውን እጠይቃለሁ።