የጋሼ ክብሪት ጣቶች

ጋሼ ክብሪት ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ሠላሳ ዓመት የጠገኑ ሰው ናቸው። ድሮ መልእክቱን ብርሃን አድርጋ በፋይበር ገመድ የምትልከው ዕቃ ከማሽኑ ካርድ ጋር ተበይዳ ነበር የምትመጣው፤ እሷ ስትቃጠል ካርዱም አብሮ ገደል ይገባል። ኋላ ተሰክታ የምትነቀል፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሞጁል መጣች። ጋሼ ጮቤ ረገጡ። ከኪሳቸው እያወጡ ላገኙት ሁሉ ሲያሳዩ ስሙ ተለጠፈባቸው።

ሞጁሏ ግን እያደር አነሰች። ፍጥነቷ እጥፍ ድርብ ሲሆን ቁመናዋ ጣት አከለ፤ የላይዋ ጽሑፍማ ቁንጫ ሆነ። የጋሼም ዓይን በዚያው ልክ ደከመ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ከማሽን ክፍሉ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት እንዳያስቀምጧቸው ፈርተዋል። ያ ደግሞ ለእሳቸው ከሞት አይተናነስም። እስካሁን በእጀታዋ ቀለም ነበር የሚለዩት፤ ጥቁሩ ለቅርብ መስመር፣ ሰማያዊው ለሩቅ። ዛሬ ከሌላ ፋብሪካ የመጡት ግን ሁሉም ባለነጭ እጀታ ሆነው አረፉት!

በግምት አንዷን ሰኩ። ከከተማው ማዶ ካለው ቅርንጫፍ ጋር የሚያገናኘው መስመር ጭጭ አለ።

አለቃቸው መጣች። ሥራውን ከሀ ጀምረው ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን ፈራሚዋ እሷ ናት።

"ዕቃው ነው የተበላሸው፤ ካርቶኑን እንዳለ መልሺላቸው" አሉ ጋሼ፣ ፈርጠም ብለው።

ነቅላ ሰጠቻቸው። "ስንት ኪሎ ሜትር ይላል፣ ጋሼ?"

ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው ዓይናቸውን አጨነቆሩ። "አሥር ይላል፤ ይኸው!"

እሷ እጃቸው ላይ ያለችውን ሞጁል አተኩራ አየች። ጋሼ ጠርጥረው ሞጁሏን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፤ ልሙጥ ብረት ነው። ጽሑፉ የተለጠፈው በሌላኛው በኩል ነበር።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ታስወጪኛለሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

አንጀቷን በሉት። ከመሣሪያ ሳጥኑ ናስትሮ አወጣችና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጽሑፉን እያነበበች የሩቆቹን እጀታ አንድ በአንድ ጠቀለለች።

"ናስትሮ ያላት ለሩቅ፣ ባዶዋ ለቅርብ። ነገ ግን ዓይን ሐኪም ዘንድ አብረን ነው የምንሄደው፤ እምቢ ቢሉ ተሸክሜም ቢሆን እወስድዎታለሁ።"

ጋሼ ዳብሰው መረጡና ሰኩ። ቀጭ አለች። በፊት የማሽኑ መብራት ቦግ ሲል "በራ!" ብለው የሚጮኹት እሳቸው ነበሩ።

"በራ እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

"በራ፣ ጋሼ።"