ሐይቁ ዳር ያለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት

ፍሎሪዳ፣ ኪሲሚ ከተማ ውስጥ በአንድ የዕረፍት ቤቶች ክለብ ስልክ መቀበል ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። አባላት ይደውላሉ፤ ስንት ነጥብ እንዳላቸው እነግራቸዋለሁ፤ ነጥባቸው ለሚበቃበት ቤት ቦታ እይዝላቸዋለሁ። ነጥቡን አንዴ ከገዙት ውላቸው እስኪያልቅ በየዓመቱ ይሰጣቸዋል፤ ካልተጠቀሙበት ደግሞ ጊዜው ሲያልፍ እንደ ጤዛ ይጠፋል። ሕጉ ብዙ ነው። እኔ ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ይህ ታሪክ የሚያሳፍረኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወይዘሮ ሎርና ፕሩዊት መጀመሪያ የደወሉት በግንቦት ወር፣ መስመሩ በተከፈተ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነበር። የሚደውሉት ከኦሃዮ ነው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ የነዱ ሴት ናቸው፤ ገና ከኋላ ወንበር የሚረብሽ ልጅ ያለ ይመስል ድምፃቸው ከፍ ይላል።

«ማሬ፣ ስምሽ ማነው?»

«ኢቬት እባላለሁ። በምን ልርዳዎት?»

«ሐይቁ ዳር ያሉትን ቤቶች ታውቂያቸዋለሽ አይደል፣ ኢቬት? ባለ ሁለት መኝታውን ነው የምፈልገው። ለሚቀጥለው ሚያዝያ፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ሳምንት። ሰባት ሌሊት። ባሌ ደረጃ ስለማይወጣ ምድር ላይ ያለውን አድርጊልኝ።»

ፋይላቸውን ከፈትኩ። ቤቱ ክፍት ነበር። የሚጠይቀው ግን ሦስት መቶ ነጥብ ነው፤ የእሳቸው ደግሞ መቶ ስድሳ። ያለፈው ዓመት ነጥባቸው ወደዚህኛው እንዲሻገር ማስመዝገቢያ ቀን ነበረው፤ ቀኑ ያለፈው ባለቤታቸው አቶ ቨርሊን ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው።

«እሺ፣ ከመጪው ዓመት ልበደራ! አንድ ጊዜ ለእህቴ እንዲያ አድርጌያለሁ።»

«መጪ ዓመት የለዎትም፣ ወይዘሮ ሎርና» አልኳቸው። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። «ማለቴ፣ ውልዎ በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል፤ የአሁኑ ነጥብዎ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ወዲያ የሚበደሩት ነጥብ የለም።»

እየሳቁ «ዶክተሩም ለቨርሊን እንደዚሁ ነው ያለው» አሉ።

በዚያው ስልክ ሁሉንም ነገሩኝ። ዳሬል የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሥራውንም ቤቱንም አጥቶ፣ ከእርጉዝ ሚስቱ ጋር በበረዶ ቀን ወላጆቹ በር ላይ ቆሞ ለጥቂት ሳምንት አስጠጉን ብሎ ለምኖ ነበር። አቶ ቨርሊን «ቤትህን ያጣኸው በስንፍናህ ነው» ብለው በሩን ዘጉበት። ዳሬል ከዚያ ወዲህ ያንን ደጃፍ ላልረግጥ ብሎ ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ። ሁለቱን ሴት ልጆቹን አያቶቻቸው በፎቶ እንጂ በዓይናቸው አላዩአቸውም።

«አሁን ግን እሺ አለኝ» አሉ። «ወደ እናንተ ቤት አልመጣም፣ ፍሎሪዳ ከሆነ ግን እመጣለሁ አለኝ። ልጆቹ የመዝናኛ ፓርኩን ያያሉ፣ እኛም አንድ ጣሪያ ሥር ሰባት ቀን። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ቨርሊንንና ዳሬልን ማስተኛት አይቻልም፣ ማሬ። ይበላላሉ።»

አንድ አባል ለአንድ ጊዜ ብቻ ጨምሮ የሚገዛው ነጥብ ጣሪያው ሃያ አራት ነው። ምንም አይሞላም። የቀረው አዲስ ውል ገብቶ የዘለቄታ ነጥብ መግዛት ነው፤ እሱ የእኔ ሳይሆን የሽያጭ ክፍሉ ሥራ ነው። እኔ የማውቀው ግን አንድ ነገር ነበር። በአዲሱ ውል የሚገዛ ነጥብ የሚሠራው በአዲሱ ሕንፃ ነው። የሐይቁን ዳር ቤቶች ለመያዝ የሚሠራው ለመግቢያው ቀን ሰባት ወር ሲቀር ብቻ ነው። ለሚያዝያ የዕረፍት ሳምንት ግን ሌሎች አባላት ቀድመው ስለሚይዙት፣ ሰባት ወር ሲቀር እዚያ የሚተርፍ ቤት የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተርፎ አላየሁም።

«እስኪ ንገሪኝ» አሉ ወይዘሮ ሎርና። «አንቺ ብትሆኚ ትገዢው ነበር?»

ስልኩ ይቀዳል። ባለፈው ክረምት አባላትን ስለ ሽያጭ መክራችኋል ተብለው ከአጠገቤ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች ከሥራ ተባረዋል። እኔ ደግሞ ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ጠረጴዛዬ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁና የተጻፈውን አነበብኩ።

«እሱን የሽያጭ ክፍላችን በሚገባ ያስረዳዎታል። ላገናኝዎት?»

«አገናኚኝ» አሉ።

አገናኘኋቸው።

ገዙ። ውሉ የሃምሳ ዓመት ነው፤ እሳቸው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሕጉን የነገራቸው ሰው እንዳለ አላውቅም፤ በውሉ ሃያኛ ገጽ ላይ ግን ተጽፏል።

በመስከረም፣ ሰባት ወር በሞላበት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ። ስሜን ጠርተው እኔኑ ፈለጉ። ስልኩን ሳነሣ ስክሪኑን ቀድሜ አይቼው ነበር።

«ሞልቷል፣ ወይዘሮ ሎርና።»

«አንዱም የለም?»

«አንዱም።»

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገባኋቸው። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ይደውሉ ጀመር። ጓደኞቼ «አውቶብሷ መጣች» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔ ግን ስልካቸውን ሳላነሣ ቀርቼ አላውቅም። ስልክ በሌለኝ ሰዓት ሁሉ ስክሪኑን እያደስኩ የተሰረዘ ቤት እፈልግላቸው ነበር። በመሀል ስለ ባለቤታቸው ያወሩኛል።

«ቨርሊን ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ከወንበሩ መነሣት ይለማመዳል። ኦክስጅኑን ይዞ እስከ በሩ ይሄድና እጀታውን ይዞ ይከፍታል። ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል። ዳሬል ሲመጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይነካው ብሎኛል።»

በየካቲት አንድ ሰው ሰረዘ። ሐይቁ ዳር አይደለም፤ በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ አራት ሌሊት። አሳንሰር አለው። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ በስማቸው ያዝኩና ደወልኩላቸው፤ ወደ አባላት መደወል ለእኛ ክልክል ነው፤ ደወልኩ።

አለቀሱ። ደስ ብሏቸው ይመስለኛል። ከዚያ ስለ ፓርኩ ጠየቁኝ፤ ለልጆቹ የመግቢያ ካርዱን በገና በዓል ነው ገዝተው በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው የላኩላቸው። ካርዱ ብቻውን አያስገባም፤ ቀኑ ቀድሞ መያዝ አለበት። ይህንን አላወቁም ነበር። ከአራቱ ቀናት ክፍት የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሰዓት በኋላ።

በማግሥቱ ሲደውሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አይመጣም።»

«ምን አለ?»

«ሰባት ቀን ብላችሁ አራት፣ ፓርክ ብላችሁ ግማሽ ቀን። አባዬ ድሮም እንደዚህ ነው፣ በሩን ገርበብ አድርጎ መልሶ ይዘጋዋል አለኝ።» ተነፈሱ። «ይህን ያደረገው ቨርሊን አይደለም ብዬ ነገርኩት። ግን ምክንያት ይፈልግ ነበር፣ ኢቬት። እኛ ደግሞ ሰጠነው።»

«ልሰርዘው?»

«አይ። ቨርሊን እንሂድ ብሏል። ምናልባት ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል፣ እዚያ እንጠብቀው አለኝ።»

ከኦሃዮ እየነዱ የመጡት ወይዘሮ ሎርና ናቸው፤ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን ሥራ አልነበረኝምና ሄድኩ። አባላትን በአካል ማግኘትም ክልክል ነው። በር የከፈቱልኝ አጭር፣ ሸበቶ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሴት ናቸው። ድምፄን ሲሰሙ አቀፉኝና ከቤታቸው ሠርተው ያመጡትን በኦቾሎኒ ቅቤ የተሞላ ቸኮሌት በእጄ ላይ ቆለሉልኝ። ለልጆቹ የሠሩት መሆኑ ያስታውቃል፤ ሳጥኑ አልተነካም ነበር። የሁለተኛው መኝታ ክፍል አልጋ እንደተነጠፈ ነው።

አቶ ቨርሊን ሰገነቱ ላይ ቱቦው በአፍንጫቸው ተቀምጠው መኪና ማቆሚያውን ያያሉ።

«የስልኳ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሐይቁ የት አለ?» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሲበርድላቸው «አርባ ዓመት ብረት በይጃለሁ» አሉ። «የፈለገው ቢሰበር ተገጥሞ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን መለሱ። ከታች የኦሃዮ ታርጋ ያለው መኪና በገባ ቁጥር የወንበሩን ክንድ ጨበጥ ያደርጋሉ። ኦሃዮዎች በዚያ ሰሞን ብዙ ናቸው።

ስወጣ ወይዘሮ ሎርና እስከ አሳንሰሩ ሸኙኝ። እዚያ ነገርኳቸው። «ያኔ እኔ ብሆን እገዛ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ እንደማይሠራ አውቅ ነበር። አልነገርኩዎትም።»

«አውቄያለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ቆም አልሽ። አንድ ልጅ ከመዋሸቱ በፊት እንዴት ቆም እንደሚል ሠላሳ ዓመት በአውቶብሱ መስታወት አይቻለሁ።» እጄን ያዙ። «ግን ልጄ፣ ብትነግሪኝ ምን አደርግ ነበር? እቤቴ ተቀምጬ ምንም አላደረግኩም ልበል? ቨርሊንን እንዴት አየዋለሁ?»

ይቅር አሉኝ ማለት ነው? እስካሁን አላውቅም። አሳንሰሩ መጣና ገባሁ።

አቶ ቨርሊን በሐምሌ ሞቱ። ዳሬል ቀብር ላይ መጥቶ ከኋላ ቆሞ፣ ሰው ሳይበተን እንደሄደ ወይዘሮ ሎርና ነገሩኝ። የደወሉት አዲሱን ውል ለመሰረዝ ነው። የመሰረዣው ጊዜ ከአሥር ቀን አይበልጥም፤ ካለፈ ዓመት ሆኖታል። ውሉ እሳቸው ሲያልፉ ለወራሻቸው ይተላለፋል፤ ወራሹ የማይፈልግ ከሆነ የሚፈርምበት ቅጽ አለ። ቅጹን ላክኩላቸው። ልጃቸውን በደብዳቤ ጠየቁት።

በጥቅምት ተፈርሞ ተመለሰና እኔው ጋ ደረሰ። ከላይ የሁለቱ አባላት ስም፣ ቨርሊንና ሎርና፤ ከታች የዳሬል ፊርማ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «አልፈልግም» ብሎ ጽፏል። ወደ ፋይሉ አስገባሁት።

ወይዘሮ ሎርና ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። ነጥቡ ግን በየዓመቱ ይሰጣቸዋል፤ ፋይላቸውን አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ሳይነካ ጊዜው አለፈበት። የሁለተኛውም እንዲሁ። ደውዬ ላስታውሳቸው አይፈቀድልኝም፤ ቢፈቀድልኝም ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።