የአውራ ጣት መልስ

ቦንጋ ውስጥ መምህር የጻፈውን አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ መምህርት ወሰንየለሽ በአንደኛ ክፍል ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ነገር በለጠፈች ቁጥር አውራ ጣቶች ከሥሩ ይደረደራሉ። ጥፍር ቁረጡላቸው ስትል አውራ ጣት፣ የደብተር ልባስ አትርሱ ስትል አውራ ጣት። እሷም ደስ ይላታል። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ከመጣች ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ትጉ ወላጅ የትም አላየሁም እያለች ለእናቷ በስልክ ትኩራራለች። ሰው ሳያነብም አውራ ጣቱን ሊያነሳ እንደሚችል አንድም ቀን አስባ አታውቅም።

ረቡዕ ማታ፣ ነገ የመምህራን ስብሰባ ስላለ ትምህርት ግማሽ ቀን ነው፣ ልጆቻችሁን ስድስት ሰዓት ላይ ውሰዱ ብላ ለጠፈች። አውራ ጣቱ ወዲያው ዘነበ። እሷም ሥራዋን እንደጨረሰ ሰው ተኛች።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ አብዱልሰመድ በዝናብ በስብሶ የስብሰባው ክፍል በር ላይ ቆመ። የጨርቅ ነጋዴ ነው። ጠዋት ልጁን ፈርሐትን ትምህርት ቤት አድርሶ ሺሺንዳ ገበያ ውሎ፣ ሚኒባሱ እንዳወረደው ሊወስዳት እንደ ልማዱ በቀጥታ መምጣቱ ነበር። ግቢው ውስጥ ግን አንድም ልጅ የለም።

"ልጄስ?" አለ።

ጥበቃው ጋሽ ከፈለኝ ተጠሩ። ልጅቷ ስድስት ሰዓት ላይ የአንዲት ሴት እጅ ይዛ ወጥታለች፣ የሴትየዋን ፊት ግን ጃንጥላው ከልሎታል፤ ልጅቷ እየሳቀች ስለነበር አላስቆምኳቸውም አሉ። በዚያ ሰዓት የግቢው በር ላይ ቆማ ልጆቹን አንድ በአንድ ማስረከብ የነበረባት ወሰንየለሽ ነበረች። እሷ ግን ስብሰባው ተጀመረ ተብላ ቀድማ ገብታለች።

የፈርሐት እናት ሙስሊማ ለቅሶ ልትደርስ ከትናንት ጀምሮ ዋጫ ከተማ ናት። ደወሉላት፤ አይጠራም። ዝናቡ እንደጀመረ መብራት ጠፍቶ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄዷል። አብዱልሰመድ ግን ደጋግሞ ሞከረ።

ሰው ሲፈራ ለምን እንደሚቆጣ እንጃ። ወሰንየለሽ ርዕሰ መምህሩ ግዛቸውና መምህራኑ ሁሉ በቆሙበት ቱግ አለች።

"ትናንት ጽፌ ነበር። አይተው አውራ ጣት አድርገዋል። ልጅዎን ረስተው ሲነግዱ ውለው አሁን እኔን ይጠይቁኛል?"

አብዱልሰመድ ዞር ብሎ ወደ ዝናቡ ወጣ። እሷም ያለችውን ብትልም እግሯ አላስቀመጣትም፤ ተከተለችው።

ቤቱ ሄዱ፤ ቁልፍ ነው። ሱቁ ሄዱ፤ ጎረቤት ሻጮች ልጅቷን አላዩም። መስጊዱ ግቢ ውስጥም ጠየቁ። ያቺ ጃንጥላ የያዘች ሴት ማን ናት የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ልብ ውስጥ ቢገላበጥም፣ አንዳቸውም አፍ አውጥተው ሊሉት አልደፈሩም። በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ በታች ወዳለው ወንዝ ወረዱ። ዝናብ ሲጥል የሰፈር ልጆች ሙላት ለማየት የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ውሃው ደፍርሶ ቅርንጫፍ እየገፋ ይወርዳል። አብዱልሰመድ ጭቃው እያንሸራተተው ዳር ዳሩን እየሄደ ልጁን በስሟ ጠራ። ወሰንየለሽ እመቤቴን እየጠራች ከኋላው ቆማ፣ ይህቺ ልጅ አንድ ነገር ከሆነች ዳግመኛ ክፍል ውስጥ አልገባም አለች በልቧ።

አብዱልሰመድ ተስፋ ሲቆርጥ ቆም ብሎ፣ ዓይኗን ሳያይ ተናገረ።

"ቲቸር፣ አውራ ጣቱን ያደረግኩት አንብቤ አይደለም። እርስዎ ጽፈው ዝም ብል ንቀት ይመስልብኛል ብዬ ነው።"

ይሄ አባባሉ ይባስ አበሸቃት። አሁን እንኳ ያንብበው ብላ መልእክቷን ልታሳየው ስልኳን አወጣች። ቴሌግራሙን ስትከፍት ግን ከግሩፑ ከፍ ብሎ "የፈርሐት እናት" የሚል ስም አየች። ነካችው። የዛሬ ጠዋት መልእክት ነበር።

"ቲቸር እንደምን አደሩ። ዛሬ ግማሽ ቀን መሆኑን አይቻለሁ። እኔ ዋጫ ስለሆንኩ ፈርሐትን ጓደኛዬ ብርቄ ትወስዳታለች። የአባቷ ስልክ እምቢ ብሎኛል፤ ከመጣ እባክዎ ይንገሩልኝ።"

ከሥሩ አውራ ጣት አለ። የራሷ ነው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል፣ በአንድ እጇ ሰልፍ እያስተካከለች በሌላው ለመጣው መልእክት ሁሉ አውራ ጣት ስታድል፣ ይህንንም ከሌላው ጋር አልፋዋለች። ዝናቡ ስክሪኑን ሲያርሰው በነጠላዋ ጠርጋ ደግማ አየችው።

"ብርቄ ጋር ናት" አለች። ከየት እንዳወቀች አብዱልሰመድ አልጠየቃትም። ሽቅብ መሮጥ ጀምሮ ነበር።

የብርቄ ልብስ ስፌት ቤት መናኸሪያው ጀርባ ነው። ፈርሐት ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ ለአሻንጉሊቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትመርጣለች። አባቷ ተንበርክኮ እቅፍ ሲያደርጋት፣ አባ አረጠብከኝ ብላ ተነጫነጨች። እሱ ግን አልለቀቃትም፤ ትከሻው እየተርገፈገፈ አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

መናገር የነበረባት ያኔ ነበር። ብርቄ ታያለች፣ ልጅቷ ታያለች፤ ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው። ወሰንየለሽ ምንም አይደል አለች፤ ይቅር የማለት መብት ያላት ይመስል። ቤቷ እስክትደርስ በራሷ አፈረች።

አመሻሹ ላይ መብራቱም ኔትወርኩም ተመለሰ። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። የፈርሐት አባት ዛሬ በሰው ፊት የተወቀሱት ያለ አግባብ ነው፤ ልጅቷን ማን እንደሚወስዳት እናትየው ጠዋት ነግረውኝ ነበር፤ ሳላነብ አውራ ጣት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለች። ዓይኗን ጨፍና ለግሩፑ ላከችው።

ወዲያው አውራ ጣት መጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዱ የሚያጨበጭቡ እጆች አደረገ፣ አንዷ አበባ ልካ መልካም ምሽት አለች። ወሰንየለሽ ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቋ መሐል እንባዋ መጣ።

የአብዱልሰመድ ስም ግን የለም። ቆይቶ እየጻፈ መሆኑ ታየ፤ ጠፋ፤ እንደገና ታየ። እራቷን ትታ ስልኩ ላይ አፈጠጠች።

"አንብቤዋለሁ ቲቸር" ይላል፤ "እስከ መጨረሻው።"