አመድ አፋሽ እጅ

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሊነሱ የተባባሉበት መኪና ሦስት ሰዓትም ሆኖ በሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ጎማውም ደኅና ነው። ችግሩ ከኋላ፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያለችው የጥፍር ታህል መብራት ናት። ቀይ በርታ አልጠፋም አለች።

መንግስቴ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩ ብቻ ወደ ውጭ ቀርቶ፣ መብራቷን በሁለት ቋንቋ ይረግማታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ጋራዥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ስንቱን አልነሳም ያለ አውቶቡስ አስነስቶ ለነጂው ያስረከበ ሰው፣ ዛሬ አንዲት ሚጢጢ መብራት መሳቂያ አደረገችው።

መኪናዋ አሮጌ የዕቃ መጫኛ ነበረች። ከሥራ መልስ ስምንት ወር ደክሞባት አልጋ ሠራላት፣ የውሃ ታንከር አስገባላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደኅና ሽንት ቤት ከነፍሳሽ ታንከሩ ገጠመላት። ሚስቱ ኦርኒት «ካራቫን» ብላ ጠራቻት። አማቱ እማማ በቀለች ስሟን ሲሰሙ ሳቃቸው መጣ።

«ያኔ እዚህ አገር እንደገባን ካራቫን በሚሉት ተጎታች ቤት ውስጥ አራት ዓመት አስቀመጡን። ከዚያ የወጣሁ ዕለት እልል ብያለሁ። አሁን ደግሞ አማቼ መልሰው ሊከቱኝ ነው?» አሉ።

መኪናዋ ግን ለሽርሽር የተሠራች አልነበረችም። እማማ በቀለችን ፊኛቸው ካስቸገራቸው አራት ዓመት ሆኗል። ሲመጣባቸው ጊዜ አይሰጣቸውም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ፤ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከቤት መውጣት ተዉ። ሠርግ ቀረ፣ ጸሎት ቤት ቀረ፣ ለቅሶ እንኳ ቀረ። በእኛ ሰው ዘንድ ለቅሶ የቀረ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። «በቀለች ኮራች» ተባለ። እሳቸውም ገመናቸው ከሚወጣ ኮራች ቢባሉ ይሻላቸዋል፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ።

ታዲያ ታናሽ እህታቸው ብርሃነሽ ከጎንደር ልትመጣ ነው የተባለ ዕለት ነው መንግስቴ መኪናዋን የገዛው። እማማ በቀለች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወጡ ብርሃነሽ ከባሏ ወገን ጋር ቀርታ ነበር፤ እንደቀረች ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈ። ከሁለት ወር በፊት ገብታ ቤር ሼቫ በምትባል ከተማ፣ መርካዝ ክሊታ በሚሉት በአዲስ ገቢዎች ግቢ አረፈች። በገባች በሳምንቷ ደግሞ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ጠግነው መኪና ላይ እንዳትቀመጥ ከለከሏት። እንግዲህ አንዷ መምጣት አትችል፣ አንዷ መሄድ አትችል፤ በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ መላቀስ ብቻ ሆነ። መንግስቴ ይኼን ሁለት ወር ሙሉ ሲያይ አንጀቱ ተቃጠለ።

መኪናዋ እንዳለቀች ለመለማመጃ ሁለት ጊዜ በአቅራቢያቸው እስካለው ራማት ፖሌግ ወሰዳቸው። ደንቡንም ራሱ አስተማራቸው፦ «መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ታንከሩ ባዶ ነው፤ ይቀመጡ። ቀይ ከሆነ ሞልቷል፤ እንዳይቀመጡ።» እሳቸውም ደንቡን እንደ ሰንበት ያዙት። አሁን ያ ያስተማረው ደንብ መልሶ አነቀው። ከሁለተኛው ልምምድ በኋላ መብራቱ ቀይ ሆኖ ቀረ። ትናንት ታንከሩን ወስዶ ደፋው፤ መብራቷ ግን ባዶውን ታንከር ይኼው ሙሉ ነው ትላለች።

«ኦርኒት፣ እናትሽን ንገሪያቸው፤ ታንከሩ ባዶ ነው። በእጄ ነው የደፋሁት» አለ ከሥር።

እማማ በቀለች ከመኪናው አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ናቸው። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ለእህታቸው ያዘጋጁትን ጥቅል ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ወደ መንግስቴ እግር አይመለከቱም። አማትና አማች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ እየተባባሉ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ነው የኖሩት። የሽንት ቤት ነገር ደግሞ በአማች ፊት እንዴት ተደርጎ ይወራል?

«ሞልቷል እያለ ልቀመጥበት?» አሉ ለኦርኒት። «በመንገድ ቢገነፍልስ?»

«እሺ፣ የመብራቱን ሽቦ እቆርጠዋለሁ፤ ይጠፋል» አለ መንግስቴ።

«መብራቱ ቢጠፋ የሞላው ይጎድላል?»

በጉልበት አሳፍሮ ቢወስዳቸው ደግሞ ሁለት ሰዓት መንገድ ሽንታቸውን ይዘው ሊሰቃዩ ነው። ከጋራዡ የለመናት ፈቃድ የዛሬ ብቻ ናት። ከሁሉ የከፋው፣ ጧት ሲነሱ «ዛሬ ካልሆነልኝ እግዜር አልፈቀደውም ማለት ነው፤ ሁለተኛ አታንሡብኝ» ብለዋል። እሳቸው ያሉትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ዛሬ ካልሄዱ መቼም አይሄዱም፤ መንግስቴ ይኼን ያውቃል።

ስልክ ጮኸ። ብርሃነሽ ናት።

«መጣችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን» አለች ኦርኒት፣ ባሏ መፍቻ ሲወድቅበት እያየች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ መንግስቴ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ፊውዙን አወጣ፤ ደኅና ነው። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ለካ፤ አልተበጠሰም። ከዚያ ታንከሩ ጎን ላይ ወደሚገኙት አራት የብረት ጫፎች ሄደ። እነሱ ናቸው ሴንሰሮቹ፤ ፍሳሹ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ በአንድ ይነካቸዋል፤ የላይኛውን የነካው ዕለት መብራቱ ይቀላል። ሽቦዎቹን ከጫፎቹ ላይ ነቀላቸው።

«አረንጓዴ ሆነ!» አለች ኦርኒት ከውስጥ።

መልሶ ሰካቸው።

«ቀይ።»

እንግዲያው መብራቱም ሽቦውም አልዋሹም። ነገሩ ታንከሩ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አራቱን ጫፎች አገናኝቷቸዋል፤ መብራቷም እሱን ፍሳሽ ነው ብላ ታምናለች። ግን ምን? ገና ሁለት ጊዜ ብቻ የተሠራበት ታንከር በምን ይለጠፋል? ትናንት ሲደፋው ውሃው ግራጫ፣ የተበጠበጠ የኖራ ውሃ መስሎ ነበር፤ የሳሙናው ነው ብሎ አለፈው። ባልዲ አምጥቶ በውሃ አጠበው፤ ቀይ። በሳሙና አጠበው፤ ቀይ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ ሥራው።

«አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ካራቫን ብንከራይ ኖሮ ይሄኔ ደርሰናል። አልነገርኩህም?» አለች ኦርኒት።

ኦርኒት ክፉ አይደለችም። የእናቷ ዓይን እንባ ማቅረሩን አይታ ጨንቋት ነው። መንግስቴ ግን የስምንት ወር ድካሙ ታወሰው። ከመኪናው ሥር ተስቦ ወጣ፤ ጥቁር እጁን ዘርግቶ አየውና፣

«ምን ይደረግ፣ ድሮም የእኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» አለ።

እማማ በቀለች ከወንበሩ ብድግ አሉ። ያ ሁሉ ሰዓት አጥብቀው የያዙት ጥቅል ከእጃቸው ወደቀ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማን ነገራቸው?» አሉ፤ ለኦርኒት ነው።

«ምኑን?»

«አመዱን።»

መንግስቴ ኦርኒትን አየ፤ ኦርኒት መንግስቴን አየች። ሰው ደክሞ ምስጋና ሲያጣ የሚለውን ነው ያለው፤ አገር የሚያውቀውን አባባል። አማቱ ግን የሰሙት አባባሉን ሳይሆን አመዱን ነው።

«እማዬ፣ የምን አመድ?» አለች ኦርኒት።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጥቅሉን አነሱና ፈቱት። ነጠላ ወጣ፤ ለብርሃነሽ ነው። ሁለት ጥንድ የክረምት ካልሲ ወጣ። ከሥሩ ደግሞ አፉ በክር የታሰረ ላስቲክ ወጣ፤ ውስጡ ደቃቅ፣ የተነፋ የሚመስል ንጹሕ አመድ።

«ለባልሽ ንገሪያቸው» አሉ፣ ባልየው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሳለ። «በጎንደር ጉድጓዱ እንዳይሸት አመድ ነበር የምናደርግበት። ሰውየው ራሳቸው ሊደፉት ነው፤ የእኔን ... የአማቴ ሽታ ነው ይበሉ? እያፈርሁ ከታች ቤት ሰዎች ማንጋል በሚሉት የከሰል ምድጃ ሥጋ ጠብሰው ሲጨርሱ አመዱን እየለመንሁ፣ በተቀመጥሁ ቁጥር አንድ አንድ ጣሳ ጨመርሁ። ታንከሩን የሞላሁት እኔ ነኝ። ቀይ ሲሆን አወቅሁት፤ ግን በምን አፌ ልናገር? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኔ ነኝ።»

ከዚያ መንግስቴ ቀስ ብሎ የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኦርኒት የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች። እየሳቀ ነው። ከልቡ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መንስኤ የሌለው ብልሽት ነበር የሚያስፈራው፤ መንስኤው እንዲህ የሰው ልብ ያለበት ይሆናል ብሎ አላሰበም። እማማ በቀለችም መጀመሪያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው እንደሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እማማ፣ አልሞሉትም» አለ መንግስቴ ሳቁን ገታ አድርጎ። «አመዱ ከውሃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳው ላይ ተለሰነ እንጂ ምንም አልሆነም። ማስለቀቅ ብቻ ነው።»

«አመድ በሳሙና መቼ ይለቃል፤ ኮምጣጣ ነው የሚፈልገው» አሉ እሳቸው። ይኼን ያሉት ቀጥታ ለእሱ ነው፤ ራሳቸውም አላስተዋሉትም።

«ኩምኩማችን ውስጡ ነጭ ሲያወጣ በምን ነው የማጸዳው?» አለች ኦርኒት፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች። ኩምኩሙን፣ ማለትም የውሃ ማፍያውን፣ የምታጸዳበትን ሜላኽ ሊሞን፣ ያን እንደ ጨው የደቀቀ የሎሚ ኮምጣጣ፣ ሦስት ከረጢት ይዛ ወረደች። ታንከሩ ውስጥ ገልብጠው ሙቅ ውሃም ጨመሩበት። ታንከሩ ውስጥ ፍሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ እማማ በቀለች ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

«አሁን መናጥ አለበት» አለ መንግስቴ። «በመኪናው እንንጠው። እርስዎ ቤት ይጠብቁን።»

«ያጠፋሁ እኔ፣ ቤት የምጠብቅ እኔ?» ብለው ገቡ።

አጠገባቸው ያለው ኪርያት ሀሻሮን አደባባይ የሞላበት ሰፈር ነው። አንዱን አደባባይ አሥር ጊዜ ዞሩት፣ ወደ ሌላው ሄደው አሥር ጊዜ ዞሩት። ከፎቅ በረንዳ ላይ ሰው ቆሞ ያያቸው ጀመር። አንዱ አዛውንት ጠፍተው መስሏቸው በእጃቸው ወደ ዋናው መንገድ አመለከቷቸው። ከኋላ ታንከሩ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ፣ እማማ በቀለች «ያዝ፣ ያዝ» እያሉ ወንበሩን ጨብጠው እንደ ልጅ ይስቃሉ። ከዚያ ፖሌግ አጠገብ ካራቫኖች ፍሳሽ ወደሚደፉበት ቦታ ሄደው ደፉት። የወጣው ወፍራም ግራጫ ነው። አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቀለቁት።

መንግስቴ መብራቱን ሄዶ ለማየት ፈራ። ኦርኒትም ፈራች። የገቡት እማማ በቀለች ናቸው።

«እማዬ?»

«አረንጓዴ ነው» አሉ። «ደግሞም ተቀምጫለሁ። በሩን ዝጊልኝ።»

መንግስቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደግፎ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። ስምንት ወር ያልወጣ ትንፋሽ ነው።

ቤር ሼቫ ሲደርሱ ፀሐይ አዘንብላ ነበር። በመንገድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያቆሙት። ሁለቱንም ጊዜ እማማ በቀለች ሲወጡ «አረንጓዴ ነው» እያሉ ለነጂው ራሳቸው ሪፖርት አደረጉ፤ ያ ሁሉ ማፈር የት እንደገባ እንጃ።

ብርሃነሽ በምርኩዝ ተደግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ እህቶች አልጮሁም፣ አላለቀሱም። በስልክ ለቅሶውን ጨርሰውታል መሰለኝ። አንዷ የሌላዋን ፊት በመዳፏ ዳሰሰች፣ ሌላዋም እንዲሁ፤ ከዚያ ተቃቅፈው ቆሙ፤ ዳሌውም ፊኛውም ተረሳ። መንግስቴ ነጠላውንና ካልሲውን ይዞ ወዲያ ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑ አስቸግሮት ነው።

ሻይ ተጠጥቶ ሲያበቃ ብርሃነሽ ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ አለች። በዝግታ መናገሯ ነው፤ ክፍሉ ግን ጠባብ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኸ ከቤት ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ያሳፍረኛል። የምነሰንስበት አመድ ብፈልግ አጣሁ። እዚህ አገር እሳት የሚያነድ የለም እንዴ?»

ኦርኒት ሻዩ ትን አላት። መንግስቴ ጣሪያውን አየ።

እማማ በቀለች ግን አልሳቁም። ሠላሳ ምናምን ዓመት እዚህ አገር እንደኖረ ሰው ተደላድለው ተቀመጡ። «አመድ አይሆንም፣ እህቴ» አሉ። «እዚህ አገር ሜላኽ ሊሞን ነው። ሁሉንም አሳይሻለሁ።»

ብርሃነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በር አጠገብ ወደቆመው ሰው በአክብሮት እያየች፣ «እኒህ አማችሽ ናቸው?» አለች።

እማማ በቀለች ዞረው መንግስቴን ዓይን ለዓይን አዩት። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

«ልጄ ነው» አሉ። ከዚያ ከአልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቁለት። «ና፣ አንተ፣ እዚህ ቁጭ በል። እጅህ አመድ አፋሽ አይደለም።»

መንግስቴ ሄዶ ተቀመጠ።