ቦሎ ያለው ላንድሮቨር

እኔ ሙላቴ ምላሴ ክፉ ነው፤ አልክድም። ደብረ ታቦር ውስጥ ጋራዤን የማያውቅ ሹፌር የለም፣ ስድቤን ያልቀመሰም የለም። እጁ ግን ያውቃል እያሉ ይታገሡኛል። አንድ ቀን እጄ መሥራት ሲገባው ምላሴ ብቻውን ሠራ። የማወራችሁ እሱን ነው፤ ቢከብደኝም ላውራው።

አያ ዋልልኝ የጉና ግርጌ ገበሬ ናቸው። ከገሳይ ከተማ ተገንጥሎ ወደ ወንዙ የሚወርድ፣ አህያ ፈጅ የሚባል ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ ቤታቸው ከሥሩ ነው። ወደ ቤት ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ወደ ከተማ ሲወጡ ዳገት። አምቡላንስ አፋፉ ድረስ ይመጣና ቁልቁል አይቶ ይመለሳል። እዚያ ወርዶ የሚወጣ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የአያ ዋልልኝ ላንድሮቨር።

ላንድሮቨሩ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ከአንድ የተዘጋ የእርሻ ፕሮጀክት በጨረታ የገዙት ነው። የቤንዚን ሞተሩ ሲሞት፣ ከተገለበጠ ፒክአፕ የናፍጣ ሞተር አውጥቼ እኔው ገጠምኩለት። ኋላውን ቆርጬ አስረዘምኩና ሰው የሚተኛበት አግዳሚ በየድኩበት። ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ምጥ፣ የዚያ አገር ስብራት፣ የዚያ አገር ሙሽራ የወጣው በእሱ ነው። ሲያገሣ ሰፈሩ ሁሉ አያ ዋልልኝ ተነሡ ይላል።

ወረቀቱን ግን ማንም አላሰበውም። ሊብሬው ላይ ያለው የድሮው ሞተር ቁጥር ነው፤ ነዳጁንም ቤንዚን ይላል። ቦሎ ሳይለጠፍለት ስንት ዓመት ሄደ! ከሦስት ዓመት በፊት የአያ ዋልልኝ ባለቤት እትዬ እቴነሽ ሆዳቸውን ክፉኛ አመማቸው። ይዘዋቸው ሲመጡ ትራፊክ አስቆማቸው። ቦሎ የለም። የሞተር ቁጥሩ አይገጥምም። የተሰረቀ መኪና ይሆን ተባለና ወዲህ ስልክ፣ ወዲያ ስልክ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። እትዬ እቴነሽ ሆስፒታሉ በር ላይ ሞቱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ትራፊክ እስከ ዕለተ ሞቱ ይረግመው ነበር። እኔ ረግሜዋለሁ። እሳቸው ግን "ልጁ ሥራውን ነው የሠራው፤ ወረቀት ያላወጣሁ እኔ ነኝ" አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ዘንድሮ በሐምሌ፣ ዝናብ እያረጠባቸው ጋራዤ ገቡ።

"ሙላቴ፣ ይህን መኪና ሕጋዊ አድርግልኝ።"

"ምነው አያ፣ ሕግ ዛሬ ነው ትዝ ያለዎት?" አልኳቸው።

"ሰብሌ በነሐሴ ወሯ ይገባል።"

ሰብለወንጌል አንድ ልጃቸው ናት። ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ፣ እናቷ ሲሞቱ ተመለሰች። ምትኩ የሚባል የጎረቤት ልጅ አገባችና እዚያው ከአባቷ አጥር ሥር ጎጆ ወጣች።

"እናቷን ያስቆመብኝ ወረቀት እሷን እንዳያስቆምብኝ" አሉኝ። "ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሕጉ ደግሞ ዘንድሮ ጠንክሯል። ሞተሩ የተቀየረ መኪና ሊብሬው ከመታረሙ በፊት ጭሱ ይለካል፤ ጭሱ ካላለፈ ቦሎ ብሎ ነገር የለም። ወሰድነው። መርማሪው ዳኛቸው የሚባል ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የመለኪያውን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተተና "ነዳጅ ይስጡ፤ እስከ መጨረሻው ይርገጡት" አላቸው። አያ ዋልልኝ ያንን መኪና እንዲያ ረግጠውት አያውቁም። ረገጡት። እናንተዬ! ግቢው ጨለመ። ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮች አፍንጫቸውን ይዘው ይንከተከታሉ።

"አያ፣ ናፍጣ ነው ወይስ ኩበት የሚያጠጡት?" አለ አንዱ።

"ረቡዕ ጾም ስለሆነ ነው፣ ሲፈታ ደግሞ ታየዋለህ!" አሉ እሳቸውም እየሳቁ። ዳኛቸው ግን ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ወደቀ።

ጥፋቱ የኖዝል ነው። ናፍጣውን ለሞተሩ የሚረጩት ኖዝሎች አልቀዋል፤ አየሩም በእኛ ከፍታ ላይ ስስ ነውና ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። አዲስ ኖዝል ከአዲስ አበባ አዘዝኩ። "ከቡሄ በኋላ ይደርስልሃል" አሉኝ። የሰብሌ ወር ቡሄን አይጠብቅም። ስለዚህ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀውን ዘዴ አደረግኩ። የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ፖምፓ ላይ አንዲት ቪቴ አለች። እሷን ዙር ተኩል ወደ ኋላ መለስኳት። ሞተሩ የሚጠጣው ቀነሰ፣ ጭሱም ቀነሰ፤ ጉልበቱም አብሮ ቀነሰ።

"በዚህ እናልፋለን" አልኳቸው፤ "ከግቢው ስንወጣ ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ።" ሰምተውኝ ይሁን ሳይሰሙኝ እሺ አሉ።

በማግሥቱ አለፈ። ከጭስ ማውጫው የወጣው ከሻይ እንፋሎት አይበልጥም። ዳኛቸው ግን ሞኝ አይደለም። ኮፋኖውን አስከፍቶ ቪቴዋን አየና ከተነካች እንድታስታውቅ ቀይ ቀለም ቀባባት። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ አያ ዋልልኝ ዞረ።

"አባቴ፣ ሁሉም ዛሬ ይቀንሱና ነገ ይመልሱታል። እኔ ማንንም ተከትዬ መሄድ አልችልም። እርስዎ ግን የእውነት ሰው ይመስሉኛል። ኖዝሉ እስኪቀየር ይህችን እንዳያስነኩ ይማሉልኝ።"

አያ ዋልልኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ዞረው "ኢየሱስ ምስክሬ ነው፤ አላስነካትም" አሉ። ዳኛቸው ቦሎውን በገዛ እጁ መስታወቱ ላይ ለጠፈላቸው። የታረመውን ሊብሬም ቢሮው አስገብቶ ሰጣቸው።

ከግቢው እንደወጣን ካቻቢቴዬን መዘዝኩ።

"ኮፋኖውን ይክፈቱልኝ።"

"ለምን?"

"ቪቴዋን ልመልሳት ነዋ!"

"ስምል አልሰማህም?"

"አያ፣ ይሄ የመሥሪያ ቤት መሐላ ነው እኮ! ሁሉም ይምላል፣ ሁሉም ያፈርሳል።"

"እኔ በመሥሪያ ቤት አልማልሁም።"

"እንግዲያው የነፍስ አባትዎ ጋ ሄደው ያስፈቱት!"

"ለአንዲት ቪቴ ብዬ ቄስ ላስቸግር?" ብለው ሳቁብኝ።

እኔ አልሳቅኩም። "አህያ ፈጅን በዚህ ጉልበት አይወጣትም! ባዶውን ምናልባት ይወጣል። ሰው ጭኖ፣ በነሐሴ ጭቃ፣ አይወጣም! ነግሬዎታለሁ።"

"ኖዝሉ ከቡሄ በኋላ ይመጣል ብለህ የለ? እስከዚያ ቀስ እያልሁ እወጣዋለሁ።" ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ከተናገሩት የሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም?"

ይህን ተረት ማን ያላለው አለ? እኔ ራሴ ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ መኪና በቀጠሮው ቀን ባስረከብኩ ቁጥር እላታለሁ። ልጁን አስቦ የሚላት የለም።

ተናደድኩ። እሳቸው ደግሞ ባርኔጣቸውን ቢሮው ውስጥ ረስተው ኖሮ ሊያመጡ ተመለሱ። አምስት ደቂቃ ቆዩ። ኮፋኖው ቁልፍ የለውም። ካቻቢቴው እጄ ላይ ነው። ሳያውቁት መልሻት ቢሆን መሐላቸውም አይፈርስም፣ ኃጢአቱም የእኔ ይሆን ነበር። እኔ ግን "ገደል ይግቡ! እኔን ምን ቸገረኝ!" ብዬ ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ በእግሬ ወደ ጋራዤ ሄድኩ። ይቺ ናት የኔ ጥፋት። ንስሐ ገብቼባታለሁ፤ አሁንም ከውስጤ አልወጣችም።

ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ደስ ብሏቸዋል። "ባዶውን ወጣሁት፤ ቀስ ብሎ ወጣልኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጭሱን የት ጣልኸው እያለ ይስቅብኛል" አሉ። እኔም አኩርፌ ስለነበር "ደግ" ብቻ ብዬ ዘጋሁ።

ቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ምትኩ ነው።

"ሙላቴ፣ መኪናው እምቢ አለን! ሰብሌ ምጥ ላይ ናት፤ ደም በዝቶባታል።"

"የት ናችሁ?"

"አህያ ፈጅ ግማሽ ላይ። እየገፋነው ነው።"

"ስማኝ ምትኩ! ኮፋኖውን ክፈት፤ ቀይ ቀለም ያለባት ቪቴ አለች፣ በቢላ ጫፍ..."

ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር ኔትወርክ የለም። ከጋራዤ አጠገብ ያገኘሁትን ሞተር ሳይክል ባለቤቱ እየጮኸብኝ አስነሥቼ ወጣሁ። እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። ገሳይ ደርሼ ወደ አፋፉ ስታጠፍ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። መጀመሪያ የሰማሁት ጅራፍ ነው።

ሁለት ጥማድ በሬ ላንድሮቨሩ ላይ ጠምደዋል። አሥር አሥራ አምስት ወንድ ከኋላ በትከሻው ይገፋል። በሬዎቹ በጭቃው እየተንበረከኩ ይነሣሉ። መኪናው ክንድ ያህል ይወጣና ያቃስታል፤ ይጠፋል። ጎማው አልዳለጠም፤ ሞተሩ ነው ትንፋሽ ያጣው። የዚያ አገር ሰው ቃሬዛ ያውቃል። መኪናውን ባያምኑ ኖሮ ገና ሲነጋ ተሸክመዋት፣ ይሄኔ አስፋልቱን ይዘው ነበር። መኪና አለን ብለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት ላይ ቀሩ።

አያ ዋልልኝ መሪውን እንደጨበጡ ናቸው። ሲያዩኝ "ካቻቢቴህን ይዘሃል?" አሉ።

"ይዣለሁ።"

"መልሳት።"

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? "መሐላዎስ?" አልኳቸው። አመለጠኝ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አላመለጠኝም። የዚያ ቀን ኩርፊያ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ቀና ብለው አዩኝ። "እሱ ከእኔ ራስ አይወርድም። መልሳት፣ ልጄ።"

ቀለሟን ፈቅፍቄ ዙር ተኩል አዞርኳት። አንድ ደቂቃ! ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ በሬ፣ ያ ሁሉ ደም ለአንድ ደቂቃ ሥራ! በሬዎቹን ፈቱ። ሞተሩ ሲነሣ ጥቁር ጭሱን ጉሙ ላይ ተፋና እንደ ድሮው ያንን ዳገት ወጣው። ከኋላ ምትኩ ሰብሌን አቅፏል፤ የሰፈሩ አዋላጅ እማማ አበበች እጇን ይዘዋል። እኔ ከፊት ነኝ።

"አባዬ፣ ወጣን?" አለች ሰብሌ። ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማል።

"ወጣን እናቴ! ወጣን!" አሉ።

ገሳይን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ትራፊክ እጁን ዘረጋ። ጭሱን አይቶ ነው።

"አይቁሙ!" ብዬ ጮህኩ።

ቆሙ። የደከሙት ለዚህ ነበራ፤ ቆመው ወዲያው ለማለፍ። ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለውን ወረቀት አውጥተው ሰጡት። ልጁ ቦሎውን አየ፣ ሊብሬውን አየ፣ ወደ ኋላ ቢያይ ፊቱ ተለወጠ። "ሁሉም ሙሉ ነው አባቴ! ይለፉ፣ ይለፉ!" አለ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

አያ ዋልልኝ ማርሽ አስገቡ። ያኔ እማማ አበበች ከኋላ፣ በቀስታ፣ "አያ ዋልልኝ፣ ከእንግዲህ አይቸኩሉ" አሉ።

ምትኩ ጮኸ። አያ ዋልልኝ ሞተሩን አጠፉና እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው መንገዱን አዩ። ልጇም አብሯት ሄደ። ትራፊኩ ቆቡን አውልቆ መንገድ ዳር ቆሞ ያለቅስ ነበር። መኪናውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከዚያ በኋላ መሪ አልያዙም።

በሠልስቱ ዳኛቸው ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት።

"አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው" አሉት፤ ስለ ያኔው ትራፊክ ያሏትን ያችኑ ቃል። ከዚያ ከኪሳቸው የተቦጫጨቀ ወረቀት አወጡ። ቦሎው ነው። ከመስታወቱ ላይ በቢላ ፍቀው አንሥተውታል።

"መሐላዬን አፍርሻለሁ። ይህ አይገባኝም፤ ውሰደው።"

"ፈትቼዎታለሁ አባቴ! እኔ ፈትቼዎታለሁ!" አለ ዳኛቸው፣ እንባው እየወረደ።

"በአንተ አልማልሁም፣ ልጄ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዐይናቸው ደርቋል።

"ሙላቴ፣ ያን ዕለት ከግቢው ስንወጣ ስለ ቃልና ስለ ልጅ የነገርሁህ ተረት ትዝ ይልሃል?"

"ትዝ አይለኝም" አልኩ። ዋሸኋቸው።

"እኔ እኮ ቢያንስ አንዱ የሚቀር መስሎኝ ነበር" አሉ። "ሁለቱም ጠፉብኝ።"