አባዬ፣ ከመቶ ሠላሳ

ሰዉ ሁሉ «ነጥብ» ነው የሚላት። ስም አውጪ አይጥፋ! በምትሠራበት የኮንክሪት መፈተሻ ላብራቶሪ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት የሆነን የጥንካሬ ውጤት አንድም ቀን ማለፊያው ወደሆነው ሃያ አምስት አጠጋግታ ጽፋ አታውቅም። ኮንትራክተሮቹ ይለማመጧታል፣ ይቆጧታል፣ «እህቴ፣ ለነጥብ አራት ሕንፃ ይወድቃል እንዴ?» ይሏታል። እሷ ወይ ፍንክች!

ዛሬ ግን ልቧ ከቦታው የለም። የፒኤችዲ ስኮላርሺፑ ማመልከቻ እኩለ ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ቅጹ ደግሞ የሚቀበለው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ብቻ ነው። እሷ የያዘችው ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ሩቅ፣ አንዱ ቅርብ። ሁለት ቢቀበል ምን ነበረበት? ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው አይወስዱም፤ እሷ ሠላሳ አምስት ሊሞላት አራት ወር ቀርቷታል። የዘንድሮው ካመለጣት አመለጣት ነው።

ሩቁ ዩኒቨርሲቲ ባሕር ማዶ ነው። እዚያ ያለችው ፕሮፌሰር ዕድሜዋን የፈጀችው ኮንክሪት ለምን እንደሚሰነጠቅ ስታጠና ነው፤ ነጥብም ከተማሪነቷ ጀምሮ የምትመኘው ይህንኑ ነው። ቅርቡ በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ ያለው የአስፋልት ምርምር ነው፤ አስፋልት ደግሞ እንቅልፏን ያመጣባታል። ግን በየቅዳሜው ቤቷ ትገባለች። ቤት ውስጥ አባቷ አለ፤ ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው፣ ግራ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ በዚህ ወር ብቻ ሁለቴ ምድጃ ለኩሶ ረስቷል።

እንደ መሐንዲስነቷ ሰንጠረዥ ሠራች። ምርምሩ ይህን ያህል፣ ፕሮፌሰሯ ይህን ያህል፣ «አባዬ» ከመቶ አስር። ደመረች፤ ሩቁ አሸነፈ። «አባዬ»ን አስራ አምስት አደረገችው፤ ሩቁ አሸነፈ። ሃያ አለችው፤ አሁንም ሩቁ። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ስታደርሰው ቅርቡ በነጥብ አራት በለጠ። እፎይ ማለት ሲገባት ላብ አጠመቃት።

ለካ ጋሼ ሰባሪው ከኋላዋ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥንካሬው እንዲለካ የኮንክሪት ኩብ ማሽን ውስጥ እየከተተ ሲሰብር የኖረ፣ ከእሷ በላይ ላብራቶሪውን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ስንቴ ሞከርሽው?» አላት።

«አራቴ።»

«ሦስቴ ወድቆ በአራተኛው ያለፈ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ኮንትራክተር ምን ትይዋለሽ?»

«ጋሼ፣ ይሄ ኮንክሪት አይደለም!»

«አይደለም። አንቺ ግን ያው ነሽ። ደግሞስ ሠላሳ ያልሽው በማን አፍ ነው? ባለቤቱን ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቀችውም። ስድስት ወር ሙሉ ስለ ስኮላርሺፑ ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። ሂጂ ቢላት ሰበብ አይኖራትም፤ ቅሪ ቢላት ደግሞ ቂም ትይዝበታለች። ሁለቱንም ፈራች።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ደወለችለት። ሩቁንም፣ ቅርቡንም፣ ሰንጠረዡንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችለት።

«እኔን ስንት ሰጠሽኝ?» አለ አባቷ።

«ሠላሳ። ከመቶ።»

«በዝቷል። ቀንሺልኝ።»

«አባዬ፣ ምድጃውስ? ዓይንህስ?»

«አክስትሽ አለች አይደል? መጥታ ስትጨቀጭቀኝ ትውላለች እንጂ በረሃብ አልሞትም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዋሽተህ ሸኘኸኝ እንዳትይኝ፣ እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። ግን ልጄ፣ መወጣጫ ላይ የማይፈራ ግንበኛ ሲያረጅ አላየሁም። እኔ ለዚህ የበቃሁት እየፈራሁ ስለሠራሁ ነው። አንቺም እየፈራሽ ሂጂ።»

ነጥብ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ «አባዬ»ን ወደ አስር መለሰችው። የሩቁን ዩኒቨርሲቲ ስም ሁለቴ አሳስታ ጻፈችው። ጋሼ ሰባሪው ሰዓቱን እያየ «ኧረ ፍጠኚ!» አላት። አምስት ደቂቃ ሲቀራት ላከችው።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

«ላክሽው?» አለ አባቷ።

«ላክሁት፣ አባዬ።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ። በይ አሁን ስልኩን ዝጊልኝ፤ እኔም ላልቅስ።»