ሰባተኛው ደብተር

ቀዩን ክር በጥርሳቸው በጥሰው በሦስተኛው ደብተር ሁለት ገጾች መካከል አስተኙት። ሌላ አንድ በአምስተኛው፣ ሌላ አንድ ደግሞ በዘጠነኛው አስቀመጡ። ከዚያ ወይዘሮ ብርኽቲ የቆርቆሮውን ሳጥን ከድነው፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው፣ ስፌት መኪናቸው ኋላ ሄደው ተቀመጡ።

ነገሩ የልብስ ሰፊ ብልሃት ነው። ካዛንቺስ ውስጥ አርባ አምስት ዓመት ሲሰፉ፣ ጨርቅ ለጥልፍ ወደ ሌላ ሰው ሲልኩ በውስጥ በኩል ጫፉ ላይ ቀይ ክር ጣል ያደርጉበት ነበር። ሲመለስ መጀመሪያ የሚፈልጉት ክሩን ነው። ክሩ ካለ ጨርቁ የራሳቸው ነው፤ ከሌለ፣ ሰውየው በታቦት ቢምል እንኳ ተለውጧል። ደግሞ መማል የማይችል ሌባ አይተው አያውቁም።

ሳጥኑ የሚስተር ክላይቭ ነበር። ሚስተር ክላይቭ ባርቤዶስ ከምትባል የካሪቢያን ደሴት በወጣትነታቸው መጥተው፣ እዚሁ ግቢ አርባ ዓመት ያህል ኖረው የሞቱ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ናቸው። እንደሳቸው ባሕር አቋርጠው የመጡ ወገኖቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ማን በየትኛው መርከብ እንደመጣ፣ ምን ሠርቶ እንደኖረ፣ የት እንደተቀበረ በአሥር ደብተር ጽፈዋል። ከመሞታቸው በፊት፣ አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል፣ ሳጥኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «ብርኽቲ፣ ለሚቸኩል ሰው አትስጪ» አሏቸው።

የሚቸኩል ሰው አልጠፋም። አንድ ካሜራ ያንጠለጠለ አፈ ቅቤ መጥቶ የሚስተር ክላይቭንና የጓደኞቻቸውን ፎቶግራፍ «ለሁለት ቀን» ብሎ ወሰደ። ስድስት ዓመት ሆነ፤ ሁለቱ ቀን ገና አላለቀም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል። ሰፈሩ ፈርሶ ሊያልቅ ነው፤ የጎረቤት አጥር ከወደቀ ወዲህ በመስኮታቸው የሚታየው ፍርስራሽና ሰማይ ብቻ ነው። የእሳቸውም ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ ወር አለፈው፤ እሑድ ወደ ኮንዶሚኒየም ይሄዳሉ። ሳጥኑን አራተኛ ፎቅ ማውጣት ቀላል ነው። ከእሳቸው በኋላ ማን ያወርደዋል? ይህን ያሰበችው የእህታቸው የልጅ ልጅ ሰገን ነበረች። በዚያው በካሪቢያን ደሴቶች ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ጻፈች። የቤተ መጻሕፍቱ «ልዩ ስብስብ» የሚባል ክፍል የአገሩን ሰዎች ጽሑፍ ከየዓለሙ እየለቀመ ያስቀምጣል አሉ። የክፍሉ ሠራተኛ ለስብሰባ አዲስ አበባ ስትመጣ እግረ መንገዷን ልታየው ሆነ።

እግረ መንገድ! ወይዘሮ ብርኽቲ ይህቺን ቃል አልወደዷትም።

ማርቫ የምትባለው ሴት ሦስት ሰዓት ላይ ከሰገን ጋር ገባች። ሽበቷን ያልደበቀች፣ አጭር፣ ዝግ ያለች ሴት ናት። ሳጥኑን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ መታጠቢያ ጠየቀች። ለማዕድ እንደሚቀርብ ሰው እጇን ታጥባ ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች። ከቦርሳዋ ያወጣችው እርሳስ ነበር።

«በእስክሪብቶ አትጽፍም እንዴ?»

«ደብተሮቹ አጠገብ እስክሪብቶ አይፈቀድም ትላለች፣ አደይ» አለች ሰገን፤ እሳቸውን በትግርኛ «እናቴ» ነው የምትላቸው።

ወይዘሮ ብርኽቲ ከንፈራቸውን ነከሱ። በሚጠፋ ነገር የሚጽፍ ሰው ሊያጠፋ ያሰበ ነው።

ማርቫ ረጅም ነገር ተናገረች። ሰገን ወደሳቸው ዞራ፣ «አመሰግናለሁ ትላለች» አለች።

«ይህን ሁሉ ተናግራ?»

«ያው ነው አደይ! ማለቴ፣ አሳጥሬው ነው።»

«ማሳጠር የኔ ሥራ ነው፤ የሚያጥረውም ቀሚስ ነው። አንቺ እንዳለ ንገሪኝ።»

ሰገን ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ባለፈው ሳምንት ይህቺ ልጅ ውጭ ሄዶ ስለ መማር ስታወራ ሰምተዋል፤ ሳጥኑን መሄጃዋ ልታደርገው ይሆን? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ሥራው ተጀመረ። ማርቫ ደብተሮቹን አንድ በአንድ እየገለጠች ትጽፋለች። ወይዘሮ ብርኽቲ የመጋረጃ ጫፍ የሚሰፉ መስለው በመነጽራቸው አናት ያያሉ። ሦስተኛው ደብተር ላይ ሴትዮዋ ቆም አለች። ጎንበስ ብላ በትንሽ መቆንጠጫ አንድ ነገር አነሳች፤ በትንሽ ፖስታ ከተተች፤ ፖስታውን በራሷ መዝገብ ውስጥ ሸጎጠች።

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ያዝኳት» አሉ ወይዘሮ ብርኽቲ። «ምን ደበቀች? ጠይቂያት!»

ሰገን ፊቷ ቀላ። ጥያቄውን አለስልሳ እንዳቀረበችው ከድምጿ ያስታውቃል። ማርቫ ግን አልተቆጣችም። ፖስታውን ከፍታ በነጭ ወረቀት ላይ ገለበጠችው። ቀይዋ ክር ነበረች። ፖስታው ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ሰገን አነበበች፦

«ደብተር ሦስት፣ ከሃያ አራተኛው ቅጠል ቀጥሎ። ቀይ የጥጥ ክር። ጸሐፊው ቦታውን ለማስታወስ ያኖሩት ይመስላል።» ቀና ብላ ጨመረች፤ «ሚስተር ክላይቭ ለምን እዚህ ገጽ ላይ ምልክት አደረጉ ብሎ ወደፊት የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ትላለች።»

ወይዘሮ ብርኽቲ ክሯን አዩዋት። የገዛ ጥርሳቸው ምልክት ጫፏ ላይ አለ። ሚስተር ክላይቭ ያላሉት ነገር እንዳሉት ሆኖ ባሕር ሊሻገር ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሳጥኑን ሌባ ሲጠብቁ፣ ሳጥኑን የነካካው የራሳቸው እጅ ሆነ።

«ክሩ የኔ ነው በያት።»

«አደይ…»

«ሌባ መሆኗን ላውቅበት ነው ያስቀመጥኩት። ሁለት ሌላም አለ። እንዳለ ንገሪያት፤ አታሳጥሪ።»

ሰገን ነገረቻት። ማርቫ አልሳቀችም። ላጲስ አውጥታ የመጨረሻዋን መስመር አጠፋችና በምትኩ ጻፈች፤ ሰገንም ተከትላ አነበበች። «ክሩን ያኖሩት ደብተሮቹን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ልብስ ሰፊ ናቸው።» ከዚያ እርሳሱን ወደ ወይዘሮ ብርኽቲ ዘረጋች። ስማቸውን በራሳቸው ፊደል እንዲጽፉ ነው።

ቀስ ብለው ጻፉ። ከዚህ በፊት ስማቸውን ያስጻፋቸው የባዕድ አገር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሚስተር ክላይቭ።

ማርቫ ዝርዝሯን ጨርሳ አሳየቻቸው። ከአንድ እስከ አሥር፤ ከስድስትና ከስምንት መካከል አንድ ባዶ መስመር አለ።

«ሰባተኛው ሳጥኑ ውስጥ የለም ትላለች።»

«ጠፋ ብላ ልትጽፍ ነው?»

ሰገን ጠየቀች። «‹ጠፋ› አልልም ትላለች። ‹አልታየም› ነው የምትለው። ቦታውን ክፍት ትተውለታለች።»

የወይዘሮ ብርኽቲ ጉልበት ከስፌት መኪናው መሳቢያ ጋር ተነካካ። ሰባተኛው ደብተር እዚያ፣ ከቁልፎችና ከዚፖች ሥር ነው። በእንግሊዝኛው መካከል አንድ ገጽ ላይ የእሳቸው ስም በአማርኛ ተጽፏል፣ አራት ጊዜ። ምን እንደሚል አያውቁም፤ ለማንም አስነብበው አያውቁም።

በደርግ ጊዜ የሰፈሩ ካድሬ ጠርቶ፣ «ያ የውጭ ሰው ማታ ማታ ምን ያዳምጣል?» አላቸው። «ሬዲዮ» አሉ። ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሚስተር ክላይቭ ሁለት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ሱሪያቸው ሰፋቸው፤ ወይዘሮ ብርኽቲ ቀና ብለው ሳያዩዋቸው አጠበቡላቸው። ስለዚያ ነገር አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ሰውየው ያውቁ ነበር? ካወቁ ሳጥኑን ለምን ለእሳቸው ተዉት?

ማርቫ ወረቀቶቿን አልሰበሰበችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አትቸኩልም።

ወይዘሮ ብርኽቲ መሳቢያውን ሳቡ፤ ቁልፎቹ ተንኮሻኮሹ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ እጃቸውን ግን ከላዩ አላነሱም።

«አደይ! እርስዎ ጋ ነበር እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ጓለይ፣ ልጄ።» ገጹን ሳይፈልጉ ገለጡት፤ ጣታቸው መንገዱን ያውቃል። «ከመሄዱ በፊት ይህን አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ። ሴትዮዋም ትስማ።»

«ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቄ። እንዳለ አንብቢው።»

ሰገን ጎንበስ አለች። የመጀመሪያውን መስመር ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተከተለው፤ ሁለተኛው ላይ «ሬዲዮ» የምትል ቃል አመለጠቻት። ከዚያ ቀና ብላ የአያቷን እህት፣ ከዚህ በፊት አይታቸው እንደማታውቅ፣ አየቻቸው።

«አታሳጥሪ» አሉ ወይዘሮ ብርኽቲ።